ስለ ከሰል የተጨነቀው ሰው፤ የዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ የሕይወት ታሪክ

በኢኮኖሚክስ ትምህርት የመጀመሪያውን ዓመት ያለፈ ተማሪ ሁሉ የዊልያም ስታንሊ ጄቨንስን ስም ሰምቷል። የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ ይኸውም የዕቃ ዋጋ የሚወሰነው ዕቃውን ለመሥራት በፈሰሰው ላብ ሳይሆን ገዢው ከመጨረሻዋ ቁራሽ በሚያገኘው ጥቅም ነው ብለው ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ ነበር ይባልለታል። ለፈተና ይህ ይበቃ ይሆናል። ሰውየው ግን በአገሩ ሕዝብ ዘንድ መጀመሪያ ስሙ የተጠራው በሌላ ምክንያት ነው። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሳለ ስለ ድንጋይ ከሰል አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም እስከ ሚኒስትሮችና እስከ ፓርላማ ደረሰ።

መጽሐፉ ያነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የአንድ አገር ሀብት በየዓመቱ የሚያድገው አንድ ጊዜ ከነደደ ተመልሶ በማይገኝ ነገር ላይ ቆሞ እንደ ሆነ መጨረሻው ምን ይሆናል? ደግሞስ ያን ነገር በብልሃትና በቁጠባ በመጠቀም ብቻ ዕድሜውን ማራዘም ይቻላልን? ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ በዘመኑ ብዙዎችን ያስደነገጠ ሲሆን ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከልጅነቱ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄቨንስ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1835 ሊቨርፑል በምትባለው የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከወለዷቸው ዐሥራ አንድ ልጆች ዘጠነኛው ነበር። አባቱ ቶማስ ጄቨንስ የብረት ነጋዴ ነው። እናቱ ሜሪ አን ደግሞ የዊልያም ሮስኮ ልጅ ናት። ይህ ሮስኮ የባንክ ባለቤት፣ የታሪክና የግጥም ጸሐፊ፣ የባሪያ ንግድንም በመቃወም የታወቀ ሰው ሲሆን በስተ እርጅናው ባንኩ ከስሮበት ሀብቱን ያጣ ነበር። እንግዲህ ልጁ ያደገው መጽሐፍም ኪሳራም በማይታጣበት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ዐሥር ዓመት እንደ ሞላው እናቱ ሞተችበት። ሌላውም መከራ ብዙ አልቆየም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ያለው ሁሉ የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎችን አክሲዮን ለመግዛት ይሻማ ነበር። ሽሚያው በ1847 ወደ ድንጋጤ ተለወጠና ብዙ የንግድ ቤቶች ወደቁ። የጄቨንስ ቤተሰብ የብረት ንግድም በ1848 ከሰረ። ልጁ ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ብዙ ዓመት የተደከመበት ሀብት እንደ ጉም ሲተን በዓይኑ አየ። ኋላ በሊቅነቱ ዘመን ገበያ ለምን በየጊዜው ይናጋል እያለ ዕድሜውን ሙሉ መመርመሩ ከዚህ የመጣ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ብዙም አይሳሳትም።

ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ሎንዶን ተላከ፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ኬሚስትሪና የዕፅዋት ትምህርት ተማረ። ዓይነ አፋርና ብቸኛ ልጅ ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሎንዶንን የፋብሪካ መንደሮችና የድኻ ሰፈሮች በእግሩ እየዞረ መመልከት ይወድ ነበር። እንዲህ ባለ ሀብታም ከተማ ይህን ያህል ችጋር እንዴት ሊኖር ቻለ የሚለውን ነገር የተማረው በእነዚያ መንገዶች ላይ ነው። የኬሚስትሪ መምህሮቹ ግን ለሳይንስ እንጂ ለሌላ ነገር አላጩትም።

ከዚህ በኋላ ሕይወቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ የመራው ወርቅ ነው። በ1851 በአውስትራልያ ወርቅ ተገኝቶ ሰው ከየአገሩ እየጎረፈ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም በሲድኒ ከተማ የወርቅ ገንዘብ የሚቀረጽበት ቤት ለማቋቋም ስላሰበ የወርቁን ንጽሕና የሚፈትን ባለሙያ ፈለገ። ሥራው ለጄቨንስ ቀረበለት። አባቱ ከከሰረ ወዲህ ቤተሰቡ ገንዘብ ይቸግረው ነበርና ዲግሪውን ሳይጨርስ በ1854 በዐሥራ ስምንት ዓመቱ መርከብ ተሳፈረ። በሚቀጥለው ዓመት አባቱ ሞተ። ልጁም አባቱን ዳግመኛ ሳያየው ቀረ።

በሲድኒ አምስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ሥራው ጊዜ ይተርፈው ስለ ነበር ትርፉን ጊዜ በከንቱ አላሳለፈውም። የዝናሙን መጠን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ሙቀት በየቀኑ እየለካ ጻፈ፤ ስለ አውስትራልያም የአየር ጠባይ ጽሑፍ አወጣ። ፎቶግራፍ አነሣ። የሲድኒን ሰፈሮች ማን የት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚኖር እየዞረ መዘገበ። በዚህ መካከል የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ለባቡር ሐዲድ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ክርክር ተነሣ። ጄቨንስም ጥያቄውን ሲከታተል ወደ ኢኮኖሚ ትምህርት ሳያስበው ገባ። የአየር ጠባይ እንደሚለካ ሁሉ የሰዎች የንግድ ጠባይም ሊለካ ይችላል የሚል ሐሳብ አደረበት። ይህም ሐሳብ እስኪሞት ድረስ አልተለየውም።

ደመወዙ ደኅና፣ ኑሮውም የተደላደለ ነበር። እርሱ ግን ትምህርቴ ጎደሎ ነው ብሎ በ1859 ሥራውን ተወ። ደቡብና ሰሜን አሜሪካን አቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰና ተቋርጦ የነበረውን ትምህርት ቀጠለ። በዕድሜ ከሚያንሱት ልጆች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ በ1860 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ዲግሪ ከወርቅ ሜዳልያ ጋር ተቀበለ።

የጽሕፈት ሥራው መጀመሪያ ግን ብዙ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። በ1862 ኢኮኖሚክስን በሒሳብ ለመግለጽ የሞከረበት ጽሑፍ በአንድ የሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ቢቀርብም ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልተገኘም። በ1863 ደግሞ ከካሊፎርንያና ከአውስትራልያ የፈሰሰው ወርቅ የወርቅን ዋጋ ምን ያህል እንደ ቀነሰው በብዙ ዕቃዎች የዋጋ ሰንጠረዥ እያስረዳ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። በሲድኒ በእጁ ሲፈትነው የነበረው ወርቅ በዓለም ገበያ ምን እንዳደረገ መመርመሩ ነበር። ይህ ሥራ ቀስ በቀስ በአዋቂዎች ዘንድ አሳወቀው፤ እንጀራ ግን አልሆነውም። በዚያው ዓመት ማንችስተር ወደሚገኘው ኦውንስ ኮሌጅ በረዳት አስተማሪነት ሄደ።

ማንችስተር ያን ጊዜ የጥጥ ፋብሪካዎች መዲና ነበረች። ፋብሪካው የሚዞረው በእንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱም የሚገኘው ከድንጋይ ከሰል ነው። ብረት የሚቀልጠው፣ ባቡሩ የሚሮጠው፣ መርከቡ ውቅያኖስ የሚያቋርጠው፣ የመንገዱ መብራት የሚበራው፣ ቤቱ የሚሞቀው በከሰል ነው። እንግሊዝ በ1861 ብቻ 83.6 ሚሊዮን ቶን ከሰል ከመሬት አውጥታለች። ከሰሉን ለማውጣት የተከፈለውም ዋጋ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሴቶችና ከዐሥር ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1842 ነው። ከዚያ በፊት ሕፃናት በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ በር ይጠብቁና ጋሪ ይጎትቱ ነበር።

ይህ ከሰል ያልቃል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሣው ጄቨንስ የመጀመሪያው አይደለም። የመሬት አጥኚው ኤድዋርድ ሀል እስከ አራት ሺህ ጫማ ጥልቀት ድረስ ሊቆፈር የሚችለው የእንግሊዝ ከሰል 80 ሺህ ሚሊዮን ቶን ያህል ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ይህን በዓመት ፍጆታው ላካፈለ ሰው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ የሚያደርስ ሀብት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ለአንድ ሺህ ዓመት የሚሆን ስንቅ ካለን ምን ያስጨንቀናል ብሎ ተኝቶ ያድር ነበር።

ጄቨንስ በ1865 የከሰል ጥያቄ የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ ይህን እንቅልፍ ቀሰቀሰው። ሰዎቹ የሳቱት ማካፈሉን ሳይሆን የሚካፈለው ፍጆታ ባለበት ይቆማል ማለታቸውን ነው አለ። የከሰል ፍጆታ በየዓመቱ በመቶ ሦስት ተኩል ያህል እያደገ መምጣቱን ከመዝገብ አሳየ። በመቶ ሦስት ተኩል ሲባል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ መጠን የሚያድግ ነገር በየሃያ ዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ሃያ ዓመት ሲያልፍ ሁለት፣ አርባ ሲያልፍ አራት፣ ስድሳ ሲያልፍ ስምንት እያለ ይሄዳል። በዚህ ስሌት በ1961 እንግሊዝ በአንድ ዓመት ብቻ 2,607 ሚሊዮን ቶን ማውጣት ይኖርባታል። ከ1861 ጀምሮ ባሉት 110 ዓመታት ደግሞ ድምሩ ከ100 ሺህ ሚሊዮን ቶን በላይ ይሆናል። ይህም ሀል ከገመተው ሀብት ሁሉ ይበልጣል። አንድ ሺህ ዓመት የተባለው ስንቅ ከመቶ ዓመት ብዙም አያልፍም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጄቨንስን ብዙ ሰው አላግባብ ይወቅሰዋል። በ1961 ይህን ያህል ከሰል ይወጣል ብሎ ትንቢት አልተናገረም። እንዲያውም ይህን ያህል ሊወጣ አይችልምና ዕድገቱ በዚህ ፍጥነት ሊቀጥል አይችልም ማለቱ ነው። ከሰሉም አንድ ቀን ድንገት አያልቅም። ጉድጓዱ እየጠለቀ፣ ዋጋው እየናረ ሲሄድ፣ ሰፋፊ የከሰል መሬት ያላቸው እንደ አሜሪካ ያሉ አገሮች እየቀደሙ የእንግሊዝ የበላይነት ቀስ በቀስ ይደክማል አለ።

የመጽሐፉ ዋና ፍሬ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በዚያ ዘመን ስለ ከሰል የሚጨነቅ ሰው ሲገኝ አዋቂዎቹ የሚሰጡት ማጽናኛ አንድ ዓይነት ነበር። ሞተሩ ይሻሻላል፣ ምድጃው ይሻሻላል፣ ትናንት በሦስት ቶን ይሠራ የነበረው ሥራ ነገ በአንድ ቶን ይሠራል፤ ስለዚህ ከሰሉ ይተርፋል ይሉ ነበር። ጄቨንስ ይህ አስተሳሰብ የተገለበጠ ነው ብሎ ተነሣ። ከሰልን በብልሃት መጠቀም ፍጆታውን ይቀንሳል ማለት ስሕተት ነው፤ ፍጆታውን የሚያበዛው ይኸው ብልሃት ነው ሲል ተከራከረ።

ማስረጃው ከአገሩ ታሪክ የተወሰደ ነው። የኒውኮመን ሞተር ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ ለመሳብ ያገለግል ነበር፤ ይሁን እንጂ ከሰል አብዝቶ ስለሚበላ ከሰል ርካሽ ከሆነበት ቦታ ውጭ እምብዛም አያዋጣም። ጄምስ ዋት በ1769 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሞተር ያንኑ ሥራ እጅግ ባነሰ ከሰል ይሠራ ጀመር። የከሰሉ ፍጆታ ግን አልቀነሰም። ሞተሩ የሚያዋጣ ስለ ሆነ ወደ ጥጥ ፋብሪካ ገባ፤ የዋት ተከታዮችም በመርከብ ላይ ጫኑት፣ በሐዲድ ላይ አስሮጡት። ሌላው ማስረጃ የስኮትላንድ ብረት ነው። ጄምስ ኒልሰን በ1828 ወደ ማቅለጫው ምድጃ የሚነፋውን አየር አስቀድሞ የማሞቅ ዘዴ አወጣ። በዚህም ምክንያት አንድ ቶን ብረት ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ከሰል ከቀድሞው ከሢሶ በታች ወረደ። ነገር ግን ብረቱ ስለ ረከሰ ገበያው ሰፋ፤ ከ1830 እስከ 1863 ባለው ጊዜ ውስጥ የፈጀው ጠቅላላ ከሰል ዐሥር እጥፍ ሆነ።

ነገሩ ለሚከብደው ሰው አንዲት ሻይ ቤት ያላትን ሴት እናስብለት። በሳምንት አንድ ጆንያ ከሰል ትፈጃለች እንበል። ግማሽ ጆንያ ብቻ የሚበቃው የተሻለ ምድጃ ብታገኝና ደንበኞቿ እነዚያው ቢሆኑ ግማሹ ይተርፋታል። ዳሩ ግን ወጪዋ ስለ ቀነሰ የሻዩን ዋጋ ትቀንሳለች፤ ደንበኛ ይበዛል። ከሻዩ ጋር ዳቦም መጋገር ያዋጣታል። ይህን ያየች ጎረቤቷም ሻይ ቤት ትከፍታለች። ዓመቱ ሲያልቅ የሰፈሩ ከሰል ቢቆጠር ከቀድሞው በልጦ ሊገኝ ይችላል። ምድጃው ግን የተባለለትን በትክክል ሠርቷል። እንግዲህ ዛሬ ኢኮኖሚስቶች የጄቨንስ እንቆቅልሽ የሚሉት ይህን ነው።

በከሰል ፋንታ ሌላ ኃይል ይገኝ ይሆን በማለትም እያንዳንዱን አማራጭ መረመረ። ነፋስ በፈለጉት ሰዓት አይነፍስም፤ የወንዝ ውሃ በፈለጉት ቦታ አይገኝም፤ እንጨት ለዚህ ሁሉ ፋብሪካ የሚበቃ ጫካ የለውም። ሃይድሮጅንን ከውሃ ለመለየት አስቀድሞ ሌላ ኃይል ያስፈልጋል። የመሬት ዘይትን በተመለከተ ግን መጠኑ ጥቂትና የማያስተማምን ነው ብሎ አለፈው። ዘይት በአሜሪካ በቁፋሮ መውጣት የጀመረው በ1859 ነበርና ገና ሕፃን ነበር። በዚህ ነጥብ የጄቨንስ ግምት እንደ ወደቀ ታሪክ መስክሯል።

ታዲያ ምን ይደረግ አለ? ከሰል አይነካ፣ ፋብሪካው ይዘጋ አላለም። ከሰሉ ለድኻውም ሥራና ርካሽ ዕቃ ማምጣቱን ያውቃል። ነገር ግን የማይተካ ሀብት የሚበላ ትውልድ ለሚቀጥለው ትውልድ ዕዳ ማውረስ አይገባውም ሲል መከረ። ስለዚህ ሀብቱ ሳለ የመንግሥት ዕዳ ይከፈል፤ የሠራተኛው ልጅ ከፋብሪካ ወጥቶ ይማር አለ። በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲዘጋጅ የሚያዘው ሕግ የወጣው መጽሐፉ ከታተመ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1870 እንደ ሆነ ስናስታውስ የምክሩ ክብደት ይታየናል። የሚነደው ከሰል ወደማይነድ ነገር ይለወጥ ማለቱ ነበር።

መጽሐፉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አልተሸጠም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። ታላቁ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1866 በፓርላማ ተነሥቶ ስለ መጽሐፉ ተናገረ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስቶንም አንብቦት ደራሲውን አነጋገረው፤ የመንግሥትን ዕዳ ስለ መቀነስ ላቀረበው ሐሳብም የከሰሉን ነገር ምክንያት አደረገ። በዚያው ዓመት የአገሪቱን ከሰል የሚመረምር የንጉሣዊ ኮሚሲዮን ተቋቋመ። ኮሚሲዮኑ በ1871 ሪፖርቱን ሲያቀርብ የከሰሉን መጠን ከሀል ግምት አብልጦ አገኘውና የሕዝቡ ድንጋጤ በረደ። ጄቨንስ ግን በ1866 በኦውንስ ኮሌጅ የሎጂክና የኢኮኖሚ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ በሠላሳ ዓመቱ ወንበሩ ተደላደለ።

በሚቀጥለው ዓመት የማንችስተር ጋርዲያን ጋዜጣ መሥራች የነበረውን የጆን ኤድዋርድ ቴይለርን ልጅ ሃሪየትን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። ቀጥሎ ያሉት ዓመታት የብዙ ሥራ ዓመታት ነበሩ። የሎጂክን ጥያቄ ቁልፍ በመምታት ብቻ የሚፈታ ፒያኖ የሚመስል መኪና አሠርቶ በ1870 በሎንዶን ለሮያል ሶሳይቲ አሳየ። ይህ መሣሪያ ከዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ቀደምት ዘመዶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በ1871 የኢኮኖሚን ቲዎሪ የሚተነትነውን ዋና መጽሐፉን አወጣ። በዚያው ዓመት በቪየና ካርል ሜንገር፣ በ1874 ደግሞ በስዊትዘርላንድ ሌዎን ዋልራስ ሳይመካከሩ ተመሳሳይ ሐሳብ አሳተሙ። በ1874 ስለ ሳይንስ ዘዴ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ታተመ።

ስለ እጥረት የነበረው ሥጋት በቤቱም ውስጥ አልቀረም። ኋላ ታዋቂው ኢኮኖሚስት ኬይንስ እንደ ተረከው ጄቨንስ ወረቀት ይወደዳል ብሎ ፈርቶ ከመጠን በላይ የመጻፊያና የመጠቅለያ ወረቀት ገዝቶ ስላከማቸ፣ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ ልጆቹ ተጠቅመው አልጨረሱትም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሐሳቡን የያዘው የገበያ መናጋት ነበር። በየዐሥር ዓመቱ ገደማ የሚመጣው የንግድ ውድቀት በፀሐይ ላይ ከሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች መብዛትና ማነስ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ አሰበ፤ ፀሐይ ዝናምን፣ ዝናም አዝመራን፣ አዝመራ ገበያን ይለውጣል ከሚል ነው። ይህ ሐሳቡ አልጸናም፤ ብዙ ሰውም ሣቀበት። የሲድኒው የአየር ጠባይ መዝጋቢ ግን በዚያው ውስጥ ይታያል፤ የሰው ኢኮኖሚ ከተፈጥሮ ተለይቶ የቆመ ነገር እንዳልሆነ አጥብቆ ያምን ነበር።

ሥራ ብዛትና እንቅልፍ ማጣት ጤናውን ጎዱት። በ1876 ወደ ሎንዶን ተዛውሮ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1880 ግን ለመጻፍ ጊዜ እንዲያገኝ ማስተማሩን ተወ። ኦገስት 13 ቀን 1882 ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት በሄደበት በሄስቲንግስ አጠገብ ባሕር ሊዋኝ ገብቶ ሰጠመ። አርባ ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። የጀመረው ትልቅ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍም ሳያልቅ ቀረ።

ከልጆቹ አንዱ ኸርበርት ስታንሊ ጄቨንስ አባቱ ሲሞት ገና ሕፃን ነበር። አድጎ እንደ አባቱ ኢኮኖሚስት ሆነ፤ ስለ እንግሊዝ የከሰል ንግድ በ1915 መጽሐፍ ጻፈ፤ በህንድና በበርማም አስተማረ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ስሙ ሊታወስ የሚገባው በሌላ ነገር ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን በሎንዶን ስለ ኢትዮጵያ ይሟገት ለነበረው የአቢሲንያ ማኅበር በጸሐፊነት ያገለገለው እርሱ ነው።

አሁን ጊዜ የሰጠውን ፍርድ እንመልከት። የእንግሊዝ የከሰል ምርት በ1913 ወደ 287 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ከዚያ በኋላ ማሽቆልቆል ጀመረ። በስሌቱ 2,607 ሚሊዮን በተባለበት በ1961 የወጣው ከ200 ሚሊዮን ቶን ያነሰ ነበር። አሜሪካም እንዳለው ቀደመች። የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ በዲሴምበር 2015፣ በከሰል የሚሠራው የመጨረሻው የኤሌክትሪክ ጣቢያ በሴፕቴምበር 2024 ተዘጋ። ዕድገቱ በዚያ ፍጥነት አይቀጥልም ማለቱ ልክ ነበር።

ሁለት ነገር ግን አመለጠው። አንደኛው ከላይ እንዳየነው የመሬት ዘይት ነው፤ ጋዝና የአቶም ኃይልም ተከትለው መጡ። ሁለተኛው ጭሱ ነው። ጄቨንስ ከመሬት በታች ምን ያህል ከሰል እንዳለ ቆጠረ፤ ከመሬት በላይ ያለው አየር ምን ያህል ጭስ እንደሚችል አልቆጠረም። ጆን ቲንዳል የተባለው ሳይንቲስት ግን መጽሐፉ ከመታተሙ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚያችው ሎንዶን፣ ከከሰል ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን እንደሚይዝ በሙከራ አሳይቶ ነበር። ሁለቱን ዕውቀቶች ያገናኘ ሰው ያን ጊዜ አልተገኘም። በዲሴምበር 1952 ሎንዶንን ለጥቂት ቀናት የሸፈነው የከሰል ጭስና ጉም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ፤ በ1956ም የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ። በእንግሊዝ ከሰልን ያስቀረው የመሬቱ ባዶ መሆን ብቻ አይደለም፤ ሕግ፣ ሌላ ነዳጅ፣ በመጨረሻም የአየሩ መሞቅ ሥጋት ናቸው።

በዓለም ደረጃ ግን እንቆቅልሹ በሕይወት አለ። ለእንግሊዝ የማይቻል ነው የተባለው 2,607 ሚሊዮን ቶን ዛሬ ለዓለም ትንሽ ቁጥር ነው፤ በ2024 ዓለም የፈጀው ከሰል ከ8 ሺህ ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር፤ ይህም ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። በዚህ መካከል ሞተሩ፣ ምድጃውና አምፑሉ እንደ ዋት ዘመን ሳይሆን እጅግ ተሻሽለዋል። እርግጥ ነው፣ ቁጠባ ሁልጊዜ ፍጆታን ያበዛል ማለት አይቻልም። የሚበቃውን ያህል መብራት ያለው ቤት ቆጣቢ አምፑል ቢገዛ በእርግጥ ይቆጥባል። ከተቆጠበው ምን ያህሉ በሌላ ፍጆታ እንደሚበላ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ገና ያልረካ ፍላጎት በተጠራቀመበት ቦታ ግን የጄቨንስ ቃል ይሠራል፤ መሣሪያን ማሻሻል ብቻውን፣ ያለ ሕግና ያለ ሌላ የኃይል ምንጭ፣ ጫካንም ሆነ አየርን አያድንም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንወስደው ከፈተና ወረቀት ያለፈ ነው። ስለ አንድ አገር ዕድገት ቁጥር ሲነገረን፣ ቁጥሩ በየስንት ዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን፣ ምን እየነደደ እንደሚያድግ፣ ጭሱም በማን ላይ እንደሚያርፍ ማስላት ይገባናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የነደደው ነገር ወደ ምን እንደ ተለወጠ እንጠይቅ፤ ወደ ዕዳ ነው ወይስ ወደ ትምህርት ቤት? እኛ ዛሬ የምንቀመጥበት የዩኒቨርሲቲ ወንበርም በሌላ ሰው ድካምና በአገር ሀብት የተገዛ ነውና ጥያቄው እኛንም ይመለከተናል።